የጓሮ ዶሮ ቤት በባሕር ዳር፦ የጠየቃችሁትና የመለስኩት

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ አናጢነት ነው። ባሕር ዳርና በዙሪያዋ የዶሮ ቤት ስሠራ፣ ሌላው የሠራውንም ሳፈርስ ቆይቻለሁ፤ ለራሴም በጓሮዬ ዶሮ አረባለሁ። ስለ ቤቱም ስለ ውስጥ ዕቃውም የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዋጋ የጠየቃችሁኝ አትቀየሙኝ፤ የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ ዛሬ ብጽፈው ለሳምንት አይደርስም።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ለ20 እንቁላል ጣይ ዶሮ ስንት በስንት ልሥራ? አንዳንዱ በካሬ 8 ይገባል ይለኛል።

ይገባማል፤ ለመግባትማ 12ም ይገባል። ጥያቄው ሐምሌን እንዴት ያልፋሉ ነው። በዝናብ ቀን ሙሉ ቤት ይውላሉ፣ ኩሳቸው ጉዝጓዙን ያረጥበዋል፣ ከዚያ ሽታ፣ ከዚያ ሳል። እኔ በካሬ ሜትር ከ4 አላሳልፍም። ለ20 ዶሮ 2 ሜትር በ2.5 ሜትር ሥራ። ቁመቱ አንተ ሳታጎነብስ የምትገባበት ይሁን፤ ማጎንበስ የሰለቸው ሰው ቤቱን አይጠርግም።

ከቀበሌ 14፦ ቤቴ ሐይቁ አጠገብ ነው። ብርድ እንዳይመታቸው ግድግዳውን እስከ ጣሪያ በጭቃ ላስመርገው አስቤያለሁ። ምን ይላሉ?

አያስመርጉት። ስሠራ የማገኘው ትልቁ ችግር ይኸው ነው፦ ሰው የሚፈራው ብርድን ነው፣ ዶሮዋን የሚገድላት ግን እርጥበትና የታፈነ አየር ነው። ያደገች ዶሮ ላባዋ ደረቅ ከሆነ የባሕር ዳር ሌሊት ምንም አይላትም። የታፈነ ቤት ውስጥ ግን ከእርጥብ ኩስ የሚወጣው አሞኒያ ዓይኗንና ሳንባዋን ይጎዳል።

ግድግዳውን ከታች 60 ሴንቲ ሜትር ያህል በጭቃ ወይም በብሎኬት ይሙሉት፣ ከዚያ በላይ እስከ ጣሪያው ሽቦ ይሁን። ሐይቁ ከከተማችን በስተሰሜን ነው፤ ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ይመጣል፣ ሌሊት ወደ ሐይቁ ይመለሳል። የቤቱ ርዝመት ምሥራቅና ምዕራብ ቢሆን ሰፊዎቹ ጎኖች ሰሜንና ደቡብን ያያሉ፣ ነፋሱ ገብቶ ይወጣል። የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይም አጭሩን ጎን ብቻ ነው የሚያገኘው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለወጨፎ መጋረጃ ያስፈልግዎታል፣ ባዶ ማዳበሪያ ሰፍቶ መሥራት ይበቃል። ሁሉም ሰው መጋረጃውን ከላይ ቸንክሮ ወደ ታች ይጥለዋል፤ እርስዎ ግን የታችኛውን ጠርዝ ቸንክረው በገመድ ወደ ላይ የሚሳብ ያድርጉት። በደንብ ዘግተውት እንኳ ከላይ አንድ ስንዝር ክፍት ይቀራል፣ የሞቀው እርጥብ አየር በዚያ ይወጣል። የጣሪያውንም ቆርቆሮ ከግድግዳው 70 ወይም 80 ሴንቲ ሜትር ያስወጡት።

መፈተኛው ቀላል ነው። ማለዳ በሩን ሳይከፍቱ ቆይተው ይግቡና ዶሮዋ አጠገብ ቁጢጥ ይበሉ። እዚያ ታች ዓይንዎን ከቆጠቆጠዎት እሷ ሌሊቱን ሙሉ ተቆጥቁጣለች።

ከአባይ ማዶ፦ መሬቴ መረሬ ነው፣ በክረምት ውሃ ያቁራል። ወለሉ ሊሾ ካልሆነ አይሆንም?

ሊሾ ብታደርገው ጥሩ፣ ለማጠብ ይቀላል። ከዚያ በፊት ግን ወለሉን ከፍ አድርገው። ጥቁር ድንጋይ እንደሆነ በከተማችን ሞልቷል፤ ከግቢው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ ድርደር፣ ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ቅደድ። ሊሾ ያልቻለ በድንጋዩ ላይ ገረጋንቲ ጠቅጥቆ መኖር ይችላል። መረሬ ላይ ድንጋይ ሳይደረድር ሲሚንቶ ብቻ የሚያፈስ ግን ብሩን ጣለ፤ አፈሩ በጋ ላይ ሲሰነጠቅ ሊሾውም ይሰነጠቃል።

ከሰባታሚት፦ ለጉዝጓዝ የጤፍ ጭድ ነው ሰጋቱራ የሚሻለው?

ከሁለቱ ሰጋቱራ፤ ጭድ ሲረጥብ ይጋገራል። ለእኛ አገር ምርጡ ግን የሩዝ ገለባ ነው፣ ቅርፊቱን ማለቴ ነው። ፎገራ ሩዝ ያመርታል፣ ወረታ ላይ ወፍጮዎቹ አጠገብ ተከምሮ ታዩታላችሁ። አይጋገርም፣ አቧራው ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንጥፉት፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ በሹካ ገልብጡት።

እርጥበቱን በእጃችሁ እወቁ፦ አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ጭመቁት። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ደህና ነው። እንደ ጭብጦ ተጣብቆ ከቀረ ጊዜው አልፎበታል፣ ያን ቦታ ዛሬውኑ አውጡት። አብዛኛውን ጊዜ እርጥቡ መጠጫው ሥር ነው። መጠጫውን በዶሮዋ ጀርባ ልክ ከፍ አድርጋችሁ ሽቦ በተወጠረበት የእንጨት ፍሬም ላይ ብታስቀምጡት ግማሹ ጣጣ ይቀንሳል።

ከዘንዘልማ፦ እምቦጭን አድርቄ ባነጥፍስ? በነፃ ነው፣ ሐይቁም ይገላገላል።

ሐሳብህ ደግ ነው፣ ግን አልመክርህም። እምቦጭ አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው፤ አንድ ክምር አድርቀህ የምታገኘው ጥቂት ነው፣ በደንብ ካልደረቀም ይሻግታል። ከዚህ የከፋው ዘሩ ነው፣ በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከዶሮ ቤት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ በቦይ ወደሌላ ኩሬ ትወስደዋለህ። ጣና ላይ ከታየ ከ2011 ወዲህ ያየነው መከራ ይበቃናል (ዓመቱ በፈረንጅ ነው)።

ከዲያስፖራ ሰፈር፦ ቆጥና የእንቁላል መጣያው እንዴት ይሁን? የእኔዎቹ መጣያው ውስጥ ያድራሉ፣ እንቁላሉ ኩስ በኩስ ነው።

እታለም፣ መጣያሽ ከቆጡ ከፍ ብሎ ይሆናል። ዶሮ ለማደር ከፍ ያለውን ትመርጣለች። ቆጡን ከወለሉ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ መጣያውን ከዚያ ዝቅ አድርጊው። ቆጦቹ እኩል ከፍታ ይኑራቸው፣ ደረጃ በደረጃ ከሆኑ ለላይኛው ሲጣሉ ያመሻሉ። ለአንድ ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር ብትይዢ ለ20 ዶሮ ባለ 2 ሜትር ሁለት አጣና ይበቃል፣ በመካከላቸው 35 ሴንቲ ሜትር።

መጣያ ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ ይበቃል፤ 30 በ30፣ ቁመቱ 35። ጨለም ያለ ጥግ ላይ አድርጊው፣ ከፊቱ ጨርቅ ብትጋርጂ ይወዱታል። ክዳኑን 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለሽ ሥሪው፣ ላዩ ላይ እንዳይቆሙ።

ከመሸንቲ፦ ባህር ዛፍ ለቆጥ ይሆናል? ምስጡስ?

ይሆናል፣ ግን ልጡን ሳትልጥ አትቸንክር። ልጡ ሥር ጣታችሁን ብትሰዱ በቀን የሚደበቀውን ቀይ ቅንቅን ታገኙታላችሁ። ሌሊት ወጥቶ የዶሮዋን ደም ይመጥጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል፣ ባለቤቱም ዶሮዋ ለምን እንደከሳች ግራ ይገባዋል። የተላጠና በቢላ የተፋቀ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አጣና ጥሩ ነው። ጭቃው ሲሰነጠቅ ወዲያው መርጎ ኖራ መቀባትም ለዚሁ ነው። ቋሚዎቹን ለምስጥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብተህ በድንጋይ ላይ አቁማቸው፤ ዘይቱ ግን ቆጡ ጋ አይድረስ።

አንድ ጥግ ላይ አመድና ደረቅ አፈር በሳፋ አድርጉላቸው፣ ራሳቸውን ያጥባሉ።

ከዘጌ፦ ሽልምጥማጥ ፈጀን። የዶሮ ሽቦ አድርገናል፣ ግን አልቻልንም።

ያ ቀጭኑ ባለ ስድስት ማዕዘን ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ነው እንጂ ሌባ እንዳይገባ አይደለም። የበረታ አውሬ ይቀደዋል፣ ሰፊ ቀዳዳ ካለው ደግሞ መዳፉን አስገብቶ ይጎትታል። ከታች እስከ 1 ሜትር ድረስ በኤሌክትሪክ የተበየደውን ጠንካራ ባለ ትንንሽ አራት ማዕዘን ወንፊት አድርጉ፣ ከላይ ቀጭኑ ይብቃ። ሽቦውን በሚስማር ብቻ አትያዙት፣ ከላዩ ስስ ጣውላ ምቱበት። ከግድግዳው ሥር ወደ ውጭ አንድ ክንድ ያህል ሽቦ አንጥፋችሁ በድንጋይ ተጫኑት፣ የሚቆፍር ይመለሳል። ሽልምጥማጥ የሚወደው ደግሞ በጣሪያና በግድግዳ መካከል የቀረችውን ክፍተት ነው፤ መብራት ይዛችሁ ሌሊት ከውስጥ ዙሩና እዩት።

ከዲያስፖራ ሰፈር (ሌላ ሰው)፦ ኬጅ (ዶሮ የሚዘጋበት የሽቦ ሣጥን) አይሻልም?

ለ20 ዶሮ አይሻልም። ኬጅ ቦታ ለጠበበውና ለብዙ ዶሮ ነው። ዶሮ መሬት ስትጭር ማየት ካልፈለግክማ ሌላ ነገር።

ከጣና ዳር፦ የዓሣ ሆድቃና ጭንቅላት በነፃ አገኛለሁ። መኖ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፣ ጥሬውን ግን አይሆንም። ቀቅለህ፣ አድርቀህ፣ ፈጭተህ ከበቆሎ፣ ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ ጋር በትንሹ ቀላቅል። ሲበዛ እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ደንበኛህም አይመለስም። አንድ ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች፣ ለ20 ዶሮ በወር 70 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ የመኖ ማስቀመጫም ከቤቱ ጋር አብረህ አስብ፦ ከመሬት ከፍ ያለ፣ አይጥ የማይገባው በርሜል። የሻገተ በቆሎ ደግሞ ለማንም አይሰጥ፣ መርዙ ጉበት ነው የሚያበላሸው።

ፈንግልን በተመለከተ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል።

ቤቱን የቱንም ያህል አሳምራችሁ ብትሠሩ ያለ ክትባት ፈንግል አንድ ቀን ጠርጎ ይወስዳችኋል፣ በተለይ ዝናብ ሊገባ ሲል። መርሐ ግብሩን ከእንስሳት ሐኪም ውሰዱ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ላሶታ የሚባለውን በውሃ የሚሰጥ የፈንግል ክትባት በቧንቧ ውሃ አትበጥብጡት፣ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። ንጹሕ የጉድጓድ ውሃ ተጠቀሙ። ከገበያ የመጣች ዶሮ ደግሞ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ፤ ለዚህ የምትሆን ትንሽ ክፍል ከዋናው ቤት ርቃ ከመጀመሪያው ትሠራ።

ከግሽ ዓባይ፦ ቄቦቹን ከፋሲካ በፊት ብገዛ ያዋጣኛል?

ለፋሲካ እንዲጥሉልህ ከሆነ ቀደም በል። ዐቢይ ጾም ላይ እንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፣ ፋሲካ ሲደርስ ይወደዳል። የተሻሻለች ቄብ በ5 ወር ገደማ ነው የምትጀምረው። የ3 ወር ቄብ ከገና አካባቢ ብትገዛ ጾሙ እየገባ ትጀምርና ለፋሲካ ሙሉ እጇን ትሰጥሃለች።

ከሽምብጥ፦ አውራ ዶሮ የግድ ነው? ተከራይ ነኝ፣ አከራዬ ጩኸት አይወዱም።

ለእንቁላል አያስፈልግም፣ ሴቷ ያለ አውራም ትጥላለች። ጫጩት ከፈለግሽ ብቻ ለ10 ሴት አንድ ይበቃል። ተከራይ ከሆንሽ ግን ቤቱን በብሎን የሚፈታ አድርጌ ልሥራልሽ፤ ግድግዳው አራት ፍሬም፣ ጣሪያው ሁለት ቆርቆሮ፣ ስትለቂ በአንድ ጋሪ ይሄዳል።