አርባ ገጽ ተከፍቶ አንድም ማመልከቻ አልተላከም

ጥያቄሽን በአጭሩ ልድገመው። አምና በሂሳብ አያያዝ ተመርቀሻል፤ እስካሁን ተቀጥረሽ አታውቂም። ማታ ማታ ሥራ ለመፈለግ ስልክሽን ትከፍቻለሽ፤ ከክፍት የሥራ ቦታ ቺቭኒንግ ወደተባለው የእንግሊዝ መንግሥት የትምህርት ዕድል፣ ከዚያ ወደ አይልትስ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ትሄጃለሽ፤ መሀል ላይ ደግሞ ስኳር ያለባቸው እናትሽ ምን መብላት እንዳለባቸው ትዝ ይልሻል። እኩለ ሌሊት ሲሆን አርባ ገጽ ተከፍቷል፣ የተላከ ማመልከቻ ግን የለም። «ትኩረት የሌለኝ ሰው ነኝ?» ብለሻል።

አይደለሽም። እነ አማንዳ ስፒንክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አልታቪስታ በተባለው የዚያ ዘመን የኢንተርኔት መፈለጊያ ሁለት ጥያቄ ብቻ ከተጠየቀባቸው የፍለጋ ቆይታዎች 81 በመቶዎቹ ከአንድ በላይ ጉዳይ ነበረባቸው። እኔም ይህን መልስ እየጻፍሁ የጤፍ ዋጋ ስፈልግ ነበር።

የሚጎዳሽ የተውሽውን ጉዳይ የት ላይ እንደተውሽው አለማወቅሽ ነው። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየችው፣ ሳይቋጭ የተተወ ሥራ ከአእምሮ ስለማይወጣ ቀጣዩን ሥራ ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከባልደረባዋ ጋር የፈተነችው መፍትሔ ቀላል ነው፦ ከመነሳትሽ በፊት የት እንደደረስሽና ስትመለሺ ምን እንደምታደርጊ በአጭሩ መጻፍ። ደብተር ይበቃል። ነገር ግን «ቺቭኒንግ» ብለሽ አትጻፊ፤ «ቺቭኒንግ የሥራ ልምድ ይጠይቃል ወይ?» ብለሽ ጻፊ። ርዕስ ማለቂያ የለውም፤ ጥያቄ ግን መልስ ሲያገኝ ይዘጋል።

ይህን አንዱን እኔ ልዝጋልሽ፦ ይጠይቃል፤ ቢያንስ 2 ዓመት፣ ማለትም 2,800 የሥራ ሰዓት። የአይልትስ ውጤትም የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ አሁን ብትፈተኚ ማመልከት በምትችይበት ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል። ሁለቱም ሥራ ከያዝሽ በኋላ ይምጡ።

የሥራ ማስታወቂያ ግን አይጠብቅም። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚለውን መስመር ታውቂዋለሽ፤ አምስት ቀን ብቻ የሚሰጥም አለ። ስለዚህ የማታው የመጀመሪያ ሰዓት የሥራ ልምድ «0 ዓመት» ለሚሉት ማስታወቂያዎች ይሁን። የእናትሽን ጉዳይ በስልክ አትጨርሺውም፤ ጥያቄዎቹን ጻፊና በክትትል ቀናቸው አብረሻቸው ሂጂ።

አርባውን ገጽ በአንድ ጊዜ ከመዝጋትሽ በፊት ግን የመዝጊያ ቀናቸውን እዪ፤ ነገ የሚያበቃ ሊኖር ይችላል።