ዲግሪ ይዤ ድርጭት ላርባ ወይ ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሌሎችም እንዲረዱት ባጭሩ ልድገመው። በእንስሳት ሳይንስ ተመርቀሽ ጅማ ኮቺ እናትሽ ቤት ነሽ፣ ማስታወቂያው ሁሉ ልምድ ይጠይቃል፣ አጎትሽ ላበድርሽ ስላለሽ ትልቅ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ገዝተሽ ቤት ውስጥ ድርጭት (ከዶሮ በጣም የምታንሰውን ወፍ) ማርባት ልትጀምሪ አስበሻል፣ ግን ዲግሪዬን ማባከን ይሆንብኝ ይሆን ብለሽ ፈርተሻል። ማባከን አይደለም፣ እሱን እርሺው። እኔን ያሳሰበኝ ማሽኑ ነው።

ድርጭት ሰው የምታጓጓው ፈጣን ስለሆነች ነው። እንቁላሉ በ17 በ18 ቀን ይፈለፈላል፣ ጫጩቷ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ሲሆናት ራሷ መጣል ትጀምራለች፣ ይሄን የሰማ ሁሉ ካልኩሌተር አውጥቶ ማባዛት ነው። ማን ይገዛል የሚለው ግን ካልኩሌተሩ ላይ የለም። 10 ወይ 12 ግራም የምትመዝን ዥንጉርጉር እንቁላል ይዘሽ ስትሄጂ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚልሽ "ይሄ ደሞ የምንድነው?" ነው። ስለዚ ማሽን ከመግዛትሽ በፊት ከሚያረባ ሰው ትንሽ እንቁላል ገዝተሽ እዛው ጅማ ፈረንጅ አራዳና መርካቶ አካባቢ ያሉ ሆቴሎችና ሱቆች ጋ ይዘሽ ዙሪ፣ በሳምንት ስንት ትወስዳላችሁ በያቸው፣ "ጎበዝ በርቺ" ያለሽን ሰው እንደ ደንበኛ አትቁጠሪው። ጾሙንም አስቢ፣ በሁዳዴ 55 ቀን ኦርቶዶክሱ እንቁላል አይገዛሽም ድርጭቷ ደሞ መጣሏን አታቆምልሽም፣ ጅማ ሙስሊሙም ብዙ ስለሆነ ሁለቱንም ከያዝሽ ትተርፊያለሽ። ትርፍ ወንዶቹን አርደሽ ሳይሆን በሕይወት ሽጪ፣ ሁሉም በየሃይማኖቱ ራሱ ይረድ፣ አለዚያ ገበያሽን በገዛ እጅሽ ለሁለት ከፈልሽው ማለት ነው።

አሁን ወደ መፈልፈሉ። 50 ምናምን እንቁላል የሚይዝ ትንሽ ማሽን ይበቃሻል፣ ፋን ያለው ቢሆን ይሻላል። የቤት ድርጭት እንደ ሐበሻ ዶሮ አታቅፍም፣ ስለዚ ያለ ማሽን አይሆንም። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ45 እስከ 50 ፐርሰንት፣ እስከ 14ኛው ቀን ቢያንስ በቀን 3 ጊዜ እያገላበጥሽ፣ ከዛ ማገላበጡን ታቆሚና እርጥበቱን ወደ 65 እና 70 ከፍ ታደርጊዋለሽ፣ ክዳኑንም እየከፈትሽ አትዪ (ሁሉም ሰው ማየት ያምረዋል፣ አውቃለሁ)። ክረምት ላይ የጅማ አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ እርጥበት መለኪያውን ሳታዪ ውሃ አትጨምሪ። እንቁላሉን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ካስመጣሽ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገሽ አሳድሪውና በነጋታው አስገቢ፣ ስታዢ ደሞ ወንድ ከሌለበት መንጋ እንዳይሰጡሽ አጣሪ፣ 3 ወይ 4 ሴት ለ1 ወንድ ነው የሚፈለገው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ሳትከፍቺ በብርድ ልብስ ሸፍኚው፣ ለአጭር ጊዜ ከሆነ እንቁላሉ ይችላል።

ጫጩቶቹ ግን አይችሉም። አንዷ ስትወጣ 7 ወይ 8 ግራም ነች፣ ከአውራ ጣትሽ ብዙም አትበልጥም፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ወደ 36 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። ሲበርዳቸው ጥግ ላይ ተደራርበው ይታፈናሉ፣ መብራት ከሌለ ጀሪካን ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ አጠገባቸው አስቀምጪ፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ግን በፍጹም፣ ለነሱም ላንቺም። ውሃ በሳህን አትስጫቸው ይሰምጣሉ፣ የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን ላይ ጠጠር ደርድረሽ በጠጠሩ መሃል ይጠጡ። ጋዜጣም አታንጥፊ፣ ያንሸራትታቸውና እግራቸው ወደ ጎን ተከፍቶ ይቀራል፣ ሻካራ ጨርቅ ይሻላል። 3 ሳምንት ሲሞላቸው ደረቱ ቀላ ያለው ወንድ ነው፣ ጠቃጠቆ ያለበት ሴት።

መኖው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚከስረው። ፉርሽካ ብቻ አብልተሽ እንቁላል አትጠብቂ፣ ጫጩቶቹ 24 ፐርሰንት ገደማ ፕሮቲን ይፈልጋሉ፣ የሚጥሉት ወደ 20። አንዷ ትልቅ ድርጭት በቀን ከ20 እስከ 25 ግራም ትበላለች፣ 40 ካሉሽ በቀን 1 ኪሎ ያዢ። በቆሎ፣ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) እና አኩሪ አተር እዛው ገበያ ዋጋቸውን ጠይቂና የ1 ወር ሂሳብ ስሪ፣ ራሽን (የቀን መኖ) ማመጣጠን የተማርሽው ለዚ አይደል እንዴ።

ስራ ፍለጋውን ደሞ አታቁሚ። ቢሾፍቱ አካባቢ ላሉ የዶሮ እርባታዎች ማመልከትሽን ቀጥዪ፣ ድርጭቱ ራሱ የሌለሽን ልምድ ይሰጥሻል። ደብተር ያዢ፣ ስንት እንቁላል ገባ፣ ስንቱ ጽንስ ነበረው፣ ስንቱ ተፈለፈለ፣ ስንቱ በስንተኛው ቀን ሞተ፣ የዛን ቀን ሙቀቱ ስንት ነበር፣ መብራት ለስንት ሰዓት ጠፋ። ያልተፈለፈለውን ሰብረሽ እዪ፣ በስንተኛው ቀን እንደሞተ ጻፊ። ኢንተርቪው ላይ "ፋርም እወዳለሁ" ከሚል ተመራቂና ይሄን ደብተር ጠረጴዛ ላይ ከምታስቀምጥ ልጅ ማንን እንደሚመርጡ መገመት አይከብድም። ግብርና ኮሌጅ ያስተማሩሽ የዶሮ እርባታ መምህር ጋም ይዘሽው ሂጂ፣ ነገ ምስክር የሚሆኑሽ እሳቸው ናቸው።

ለአጎትሽ "አሁን አይደለም" በያቸው። ማሽኑን፣ የዋየር ቤቱንና የ2 ወር መኖውን ራስሽ ባጠራቀምሽው ወይ በዕቁብ ሸፍኚ፣ ከነዛ ሆቴሎች ውስጥ ሁለቱ እንኳ በየሳምንቱ ሳያቋርጡ ከወሰዱልሽ ያኔ ስለ ብድሩ እናውራ። ከሌላ መንጋ ሌላ እንቁላል ማምጣትም አትርሺ፣ ድርጭት ከዘመዷ ደጋግማ ከተራባች የሚፈለፈለው እያነሰ ይሄዳል።