የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ዋቢ የሚያስገባ ቁልፍ ስለመሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ዞቴሮን (ዋቢ የሚሰበስብና ጽሑፍ ውስጥ የሚያስገባ ሶፍትዌር ነው) ወይም የወርድን ዋቢ ማስገቢያ ነካክታችኋል ብዬ ነው የምመልሰው። ጠይቁ።

ሰላም፦ ጋሼ፣ ለደራሲው «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አዘጋጅተናል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው የአባት ስም ነው። የታሪክ ጸሐፊውን ባሕሩ ዘውዴን በሁለቱ ሳጥኖች ከፍላችሁ አስገቡና ኤ.ፒ.ኤ. በሚባለው የዋቢ አጻጻፍ ሥርዓት አውጡት። «ዘውዴ፣ ባ.» ይላችኋል። የጻፉት ባሕሩ፣ የተጠቀሱት አባታቸው! በ«በ» ሥር የሚፈልጋቸው አንባቢም አያገኛቸውም። ዞቴሮ ከስሙ ጎን ባለችው ምልክት ሁለቱን ሳጥኖች አንድ ያደርጋል። ወርድ ላይ ሰው ከዚህ ችግር የሚወጣው ለድርጅት በተሠራው የደራሲ ሳጥን ነው። ተጠቃሚው ግን ይህን በዳበሳ መፈለግ የለበትም። ምርጫውን እዚያው ስሙ አጠገብ አድርጉለት። ለሰነዱ በሙሉ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ስም ይሁን፤ ያው ዝርዝር ውስጥ የውጭ ደራሲም አለ። ስሙን አትቁረጡት።

ዮናስ፦ ዓመቱስ? ዓ.ም. ወይስ እ.ኤ.አ.?

ሔለን፦ አገር ውስጥ ለሚጻፍ ዓ.ም. ይበቃል እኮ።

ዮናስ፦ ለውጭ መጽሔት የሚልክስ ምን ያድርግ? የኔ አማካሪ እ.ኤ.አ. ካልሆነ አይቀበሉም።

ሔለን፦ ታዲያ መጽሐፉ ላይ የሌለ ዓመት ልትጽፍ ነው?

መልስ፦ በቃ፣ ክርክሩ እዚህ ይብቃ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። ሽፋኑ «1999 ዓ.ም.» ብቻ ካለ 2006 ይሁን 2007 አይለይም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ በግምት አይቀይር። መጽሐፉ ላይ ያለው እንዳለ ይታይ፤ «2006/07» ደግሞ ለቅደም ተከተል ከበስተጀርባ ይያዝ።

ቢኒ፦ የቱ ሶፍትዌር ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ሰሚራ፦ ሊብረኦፊስ ከሚባለው የጽሑፍ መሥሪያ ወደ ወርድ የላክሁት ፋይል ላይ የዞቴሮ ዋቢዎቼ ተራ ጽሑፍ ሆኑብኝ።

መልስ፦ ዞቴሮ ወርድ ላይ ዋቢውን በፊልድ (ሶፍትዌሩ ራሱ በሚሞላው ስውር ቦታ) ይይዛል፣ ሊብረኦፊስ ላይ በሌላ ዓይነት ምልክት። ፋይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለስ ከሆነ በቡክማርክ (ሁለቱም በሚያውቁት የቦታ ምልክት) እንዲይዝ ምረጪ። ቡክማርክ ግን በቀላሉ ይበላሻል፤ ቅጂ ያዢ።

አቤል፦ ስሙን ለሁለት ብንከፍለው ግን ችግሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ለሰላም የመለስኩትን አንብብ እንጂ! ስሙን አትቁረጡት።

ሰላም፦ ፊደል ተራውስ? «ኃይሉ» ከ«ተስፋዬ» በኋላ መጣብን፣ «ሀይሉ» ደግሞ ከ«ለማ» በፊት።

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ሀ መጀመሪያ ነው፤ ሐ ከለ ቀጥሎ ይመጣል፤ ኀ ከተ እና ከቸ በኋላ፣ ከነ በፊት ነው። ይህ የተለመደው የሀ ለ ሐ መ ተራ ስለሆነ ዝርዝሩ ላይ ስህተት የለም። ችግሩ ፍለጋው ላይ ነው። ተጠቃሚው «ሀይሉ» ብሎ ሲፈልግ «ኃይሉ»ም «ሐይሉ»ም ይምጡለት። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ሰነዱ ውስጥ ሲገባ ግን ደራሲው ስሙን በጻፈበት ፊደል ይግባ። ሶፍትዌሩ አያርመው።