መልስ፦ የሩሲያ ሴት መዘምራን ትምህርት መቼ ተጀመረ?

«በሩሲያ ሴቶች የቤተ ክርስቲያን መዝሙር መማር የጀመሩት ከሶቪየት ዘመን በኋላ ነው?» ላልከው፣ አይደለም፤ በጣም ይቀድማል። በ1843 እ.ኤ.አ. በጻርስኮዬ ሴሎ ለካህናት ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1868 ደግሞ የየሀገረ ስብከቱ የሴቶች ትምህርት ቤቶች የስድስት ዓመት ትምህርት ያለው ደንብ ወጣላቸው። ከ1884 ወዲህ የሰበካ ትምህርት ቤቶች ሲበዙ ብዙ ተመራቂዎች እዚያ መምህርት ሆኑ። መዝሙር ግዴታ ስለነበር የልጆቹን መዘምራን ማቋቋምም በእነሱ ላይ ወደቀ።

በከተማ በኩል የመዘምራን መሪው አሌክሳንደር አርካንጌልስኪ በ1880ዎቹ ፒተርስበርግ ውስጥ በመዘምራኑ መካከል በወንድ ልጆች ፋንታ ሴቶችን አስገባ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልጁ ገና ሠልጥኖ ሳይጨርስ ድምፁ ይጎረንናል።

ለወንዶችና ለሴቶች አብረው የተጻፈ ኖታ ለሴት መዘምራን ብቻ እንዴት እንደሚስተካከል ለጠየቅከው፣ ዋናው ችግር እዚህ ነው። ለአራት ድምፅ የተጻፈውን ለሴቶች ብቻ ስታደርገው ባሱን (ዝቅተኛውን የወንድ ድምፅ) ዝም ብለህ አንድ ኦክታቭ (ስምንት የዜማ ደረጃ) ከፍ ብታደርግ ከሌሎቹ ድምፆች ከአንዳንዶቹ በላይ ሊወጣና ኮርዱ (አብረው የሚሰሙት ኖታዎች) ሊገለበጥ ይችላል፤ መሠረቱ የጠፋ፣ የሚንሳፈፍ ድምፅ ይሰማሃል። የሚሻለው ወደ ሦስት ድምፅ መቀነስ ነው፦ አንደኛ ሶፕራኖ (ከፍተኛዋ የሴት ድምፅ) ዜማውን ትይዛለች፣ ሁለተኛዋ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛ ርቀት (ሁለት የዜማ ደረጃ ዝቅ ብላ) ከሥር ትከተላለች፣ አልቶ (ዝቅተኛዋ የሴት ድምፅ) የባሱን ዋና ዋና ኖታዎች ብቻ ትይዛለች። አልቶዋ ከታች ካልደረሰች ሁሉንም አንድ ወይም ሁለት ቶን ከፍ አድርግ። መነሻ ቃናው በካሜርቶን (ሲመቱት አንድ ቋሚ ድምፅ በሚሰጥ ትንሽ የብረት ሹካ) ስለሚሰጥ ይህ ምንም አያስቸግርም። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚዘመርባቸውን ስምንት የዜማ ስልቶች ግን መጀመሪያ ለሴቶቹ በአንድ ድምፅ በቃል አስጠና።