መልስ፦ ለእምቦጭ ዘመቻ ሌላ ሰው ያነሳውን ፎቶ መጠቀም ይቻላል ወይ?

ወንድሜ፣ ከፌስቡክ ያገኘኸውን የታንኳ ፎቶ ጣናን በወረረው አረም በእምቦጭ የተዋጠ አስመስለህ ፖስተር ልታትም ነው። «ለጣና እንጂ ለንግድ አይደለም፣ ማን ይከሰኛል?» ብለሃል።

ዓላማህ መልካም መሆኑ ብቻውን አያድንህም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፎቶ አንሺው ሥራውን ባያስመዘግብም መብቱ የእሱ ነው። የፎቶ ጥበቃው ከተነሳ ጀምሮ 25 ዓመት ይቆያል። አዋጁ ጥቅስ መውሰድን፣ ለግል መገልበጥንና ለማስተማር መጠቀምን በልክ ይፈቅዳል። «ለዘመቻ» ወይም «ለፌዝ» የሚል በር ግን የለውም። ይሄ ያናድደኛል። ተቃውሞ የሚያምረው እኮ ሰው የሚያውቀውን ምስል ለውጦ ሲያሳይ ነው።

ግን እኔም ተቃጥያለሁ። አንዴ በደንገል ታንኳ ላይ ጎንበስ ያለ ቀዛፊ ስዬ ነበር። ወር ሳይሞላ አንድ ቲሸርት አታሚ ጥጉ ላይ ያለችውን ፊርማዬን ቆርጦ ሲሸጠው አገኘሁት። ደረቴ ላይ ለብሼው ልሂድ ወይስ ልክሰሰው?

ለማንኛውም፣ ሐሳብ ባለቤት የለውም። ታንኳና እምቦጭን ማገናኘት ትችላለህ፤ ያንን ፎቶ ነው የማትነካው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ወርደህ በስልክህ አንሳ። የጣናውን ገዳም የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የድሮ ግድግዳ ሥዕሎች ካሰብክም የሠዓሊዎቹ መብት ካበቃ ቆይቷል። ሥዕሉን ያነሳው ሰው ፎቶ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ወይም ለባለፎቶው ኢንቦክስ ጻፍለት። የባሕር ዳር ልጅ ከሆነ ለእምቦጭ ጉዳይ እምቢ የሚልህ አይመስለኝም። ስሙን ፖስተሩ ሥር አስገባለት።