ለወረታው የሩዝ መፈልፈያ ክርክር፦ ፓሪስ ያሉት ዳኞች የሚያዩት ምንድን ነው?

ወንድሜ፣ ከውጭ ያስመጣኸው መፈልፈያ በውሉ የተጻፈውን የሰዓት ምርት አልሰጥ ብሎሃል። ውሉ ክርክር በአይሲሲ (በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት) የግልግል ደንብ ይታይ፣ የግልግሉ ሕጋዊ መቀመጫ ፓሪስ ይሁን፣ ሕጉ የስዊዘርላንድ ይላል። «ገላጋይ ዳኞቹ እንዴት ይወስናሉ? ምን ላዘጋጅ?» ብለሃል።

1. የአገር ሽማግሌ አይደሉም። ባሕር ዳር ላይ ብዙ ነጋዴ «ግማሽ ግማሽ ያደርጉናል» ብሎ ካሳውን እጥፍ አድርጎ ይጠይቃል፤ ያንገበግበኛል። በርትዕ፣ ማለትም ሕጉን ትተው ፍትሐዊ በመሰላቸው፣ የሚፈርዱት ሁለታችሁም ከፈቀዳችሁ ብቻ ነው። አለበለዚያ ግዴታው ምን ነበር፣ ተጥሷል ወይ፣ ጉዳቱ ከጥሰቱ መጣ ወይ፣ ስንት ነው እያሉ በቅደም ተከተል ይሄዳሉ። አንዱ ከተሰበረ ካሳው ይቀራል፤ የተጋነነ ሂሳብም እውነተኛውን ያስጠረጥራል።

2. ብዙ ገንዘብ የሚበላው ስህተት ጉድለቱን ለሻጩ በማሳወቅ ላይ የሚሠራው ነው። የስዊዘርላንድ ሕግ ሲመረጥ፣ ውሉ ለይቶ ካላስቀረው በቀር፣ እ.ኤ.አ. የ1980ው የቪየና የዕቃ ሽያጭ ስምምነት አብሮ ይመጣል። አንቀጽ 39 ጉድለቱን ካወቅህ ወይም ማወቅ ከነበረብህ ጀምሮ በተገቢው ጊዜ፣ ምንነቱን ለይተህ ለሻጩ አስታውቅ ይላል፤ ጣሪያው ዕቃውን ከተረከብህ 2 ዓመት ነው። በስልክ መጨቃጨቅ አያድንህም፣ ሻጩ ይክዳል። «ማሽኑ ችግር አለበት» የሚል ደብዳቤም አይበቃም፤ በዚህ ቀን፣ በዚህን ያህል ሰዓት፣ ይህን ያህል ኩንታል ገብቶ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ተሰባበረ ብለህ ጻፍ። የቴሌግራሙን ንግግር ስልክ ሳትቀይር ሙሉውን አውጣ፤ የሚጠቅምህን ብቻ ቆርጠህ ካስተረጎምክ መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ያዋርዱሃል።

ሻጩ የሚመጣበትን ልንገርህ፦ «የፎገራ ሩዝ እርጥብ ነበር፣ መብራቱም ይዋዥቅ ነበር።» ለመፈልፈል እርጥበቱ 14 በመቶ ገደማ መሆን አለበት፤ ሲበልጥ ፍሬው ይለሰልሳል፣ ይደቃል፣ ምርቱም ይወርዳል። ስለዚህ ሻጩን በጽሑፍ ጠርተህ በገለልተኛ መሐንዲስ ፊት ፈትን። የእያንዳንዱን ዙር እርጥበትና ቮልቴጅ መዝግብ፣ ናሙናውን አሽገህ አስፈርም። ዳኛ ከአንተ መሐላ ይልቅ ክርክር ሳይነሳ የተጻፈ የቀን መዝገብ ያምናል።

3. ሦስት ዳኞች ከሆኑ አንተ ያቀረብከው ሰው ጠበቃህ አይደለም፣ ለብቻው እንዳትደውልለት። ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ነው፤ ብልጫ ከታጣ ሰብሳቢው ብቻውን ይወስናል። የውሳኔውን ረቂቅ የአይሲሲ የግልግል ፍርድ ቤት ሳያጸድቀው አይወጣም። ከዚያ በኋላ «ማስረጃዬን በደንብ አላዩልኝም» ብለህ ፓሪስ ይግባኝ የለህም። ብትሸነፍም «አገሬ ነኝ» አያዋጣም፤ ኢትዮጵያ የውጭ አገር የግልግል ውሳኔ እንዲፈጸም የሚያደርገውን የኒውዮርኩን ስምምነት በአዋጅ 1184/2012 አጽድቃለች።

ማሽኑን ደግሞ ባለሙያ ሳያየው አትፍታው። መከሩ ከደረሰብህና የግድ መጠገን ካለብህ፣ አስቀድመህ ለሻጩ ቀኑን ጻፍለት፣ ሲፈታ ቅረጽ፣ የወጣውን ዕቃ ቁጥሩ እንዲታይ አድርገህ አስቀምጥ።