«አየር አጠረኝ» ስትል «ያስወጡ» ይሏታል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ የጋገረችው በእንጨት ነው፤ ሲጋራ ግን በአፏ ዞሮ አያውቅም። አሁን ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሌሊት ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ሆስፒታል ወስደናት አንድ ቱቦ አስነፏትና «እስከ መጨረሻው ያስወጡ፣ ያስወጡ» አሏት። ፓፍ የሚባለውን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሲሰጧትም «መጀመሪያ ትንፋሽዎን ያስወጡ» ተባለች። እሷን የቸገራት አየር ማስገባት ነው፤ ማስወጣቱ ምን ይረዳታል? ደግሞ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ስትወርድ ይሻላታል። ጠቅልላ ትውረድ ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፉልኝ ስነሳ የእናትዎ ችግር አየሩ አለመውጣቱ ይመስለኛል።

አየር ስናስገባ ደረት ይሰፋል፤ የአየር ቧንቧዎቹም አብረው ይከፈታሉ። ስናስወጣ ደግሞ ጤነኛ ሰው ምንም አይለፋም። ጡንቻው ይላላል፣ የተለጠጠው ሳንባ በራሱ ይሰበሰባል፣ አየሩም ይወጣል። ነገር ግን ሳንባው ሲሰበሰብ ቧንቧዎቹም ይጠባሉ። በአስም ወይም በዓመታት ጭስ ያበጠ፣ አክታ የያዘ ቧንቧ በዚህ ጊዜ ለመዘጋት ይቃረባል። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ የሚመጣው በዚያ ጠባብ መንገድ ከሚያልፈው አየር ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ የፊተኛው ሳይወጣ ሌላው ይገባል። አሮጌው አየር ቦታ ይዞ ይቀራል፣ ደረት እንደተነፋ ይቆያል። እናትዎ «አየር አጠረኝ» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ አዲሱ አየር የሚገባበት ቦታ ነው የጠፋው።

ያስነፏቸው ምርመራ ስፓይሮሜትሪ ይባላል። የሚለካው ይህንኑ ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው በኃይል ሲያስወጣ ከሚወጣው አየር ከ70 በመቶ በላዩ በመጀመሪያዋ ሰከንድ ይወጣል። ቧንቧው የጠበበ ሰው ግን ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ነው ቢያንስ ለ6 ሰከንድ ያህል ሳያቋርጡ እንዲነፉ የሚጎተጎቱት። ፓፍ ከተወሰደ በኋላ ተደግሞ ተለክቶ ጉልህ መሻሻል ከታየ ወደ አስም ያደላል። ካልተሻሻለና ከ70 በመቶ በታች ከቀረ ሲኦፒዲ የሚባለውን ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም እንጠረጥራለን። ይህን ሕመም ብዙ ሰው የአጫሾች ብቻ ያደርገዋል። አይደለም። በጭስ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የፈጁ እናቶችንም ይይዛል።

ፓፉ ላይ አደራ የምለው አለ፤ መድኃኒቱ ጥሩ ሆኖ አወሳሰዱ የሚያበላሸው ሰው ብዙ ነው። በደንብ ይነቅንቁት። ትንፋሽን ቀስ ብለው ያስወጡ፤ ፓፉ ውስጥ ግን አይተንፍሱበት። ከዚያ አፍ ላይ ይግጠሙትና ቀስ ብለው መሳብ ሲጀምሩ ይጫኑት፤ እስከ ጥግ ይሳቡ። 10 ሰከንድ ያህል ይያዙና ይልቀቁ። ሳያስወጡ ከሳቡ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ አብዛኛው መድኃኒት አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። እጅና ትንፋሻቸው አልገጥም ካለ ስፔሰር የሚባለውን የፕላስቲክ ዕቃ ይጠይቁላቸው። ከተሰጧቸው ፓፎች አንዱ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ፣ የቧንቧ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ከሆነ ከወሰዱ በኋላ አፋቸውን ይጉመጥመጡ።

ዳገት ላይ ሲያጥራቸው ደግሞ ይቁሙ። በአፍንጫ ሁለት እስኪቆጥሩ ያስገቡ፤ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው አራት እስኪቆጥሩ ቀስ ብለው ያስወጡ። የከንፈሩ መጥበብ ቧንቧዎቹ ቶሎ እንዳይዘጉ ይደግፋቸዋል። መጀመሪያ ቤት ቁጭ ብለው ይለማመዱት፤ በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር አይያዝም።

ወደ ኮምቦልቻው ልምጣ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ታች አየሩ ወፈር ይላል፣ ይሞቃል፣ ዳገቱም ይቀንሳል። ይህ እውነተኛ እፎይታ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ እናትዎ እህትዎ ቤት ሲሆኑ እንጀራ ይጋግራሉ? ካልጋገሩ ያሻላቸው ከጭሱ ማረፋቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤት ከማዛወራችሁ በፊት ማዕድ ቤቱን አስተካክሉ። ከቻላችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ካልሆነ ደረቅ እንጨትና ጭሱ የሚወጣበት ሰፊ ክፍት ቦታ። እሳቱን ሌላ ሰው ቢይዘው ደግሞ ይመረጣል። የደሴን ብርድ እየፈሩ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ዘግቶ መተኛት ግን ጨርሶ አይሆንም፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ጤነኛውንም ይገድላል። ቡና ሲፈላም እጣኑ ይቅርባቸው። ወሎ ቤት ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቡናውን ግን እስከ በረካ ይጠጡ።

ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው አክታቸው ለቲቢ ይመርመር። እግራቸው ካበጠ ወይም ጠፍጣፋ ተኝተው መተንፈስ ካቃታቸው ልባቸውም ይታይ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ከደነዘዙ ወይም ፓፉ ካላስታገሳቸው ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።